ውሃ እንኳ አልወርድ ሲል፦ ስለ አካላዚያ ቀዶ ጥገና የከፈትኩት ክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈትኩት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት የበላሁት እራት ተመልሶ አፌ ድረስ መጣ። ትን ብሎኝ ስነሳ ትራሱ ርሷል። ማስመለስ እንኳ ልለው አልችልም። ምስሩ ምስር፣ ጎመኑ ጎመን እንደሆነ ነው የወጣው። ጨጓራ ጋ አልደረሰማ! ልብሴን ቀየርኩና ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አውሮፓ የምንኖር አበሾች የምንሰባሰብበት መድረክ ላይ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህን ነበር። ዕድሜዬ 38 ነው። ጀርመን አገር የጭነት መኪና እነዳለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ምግብ ደረቴ ላይ እየቆመ አሰቃይቶኛል። እንጀራም ውሃም እኩል ይቆማሉ። ስበላ ብድግ እላለሁ፣ እጄን ወደ ላይ እዘረጋለሁ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እገለብጥበታለሁ፤ ያኔ ዱብ ይላል። ጨጓራ ነው ተባልኩ። ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። ኤች ፓይሎሪ አለብህ ተብዬ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጨረስኩ። 13 ኪሎ ቀነስኩ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ኖራ የመሰለ ባሪየም አጠጥቶ ራጅ ሲያነሳኝ፣ የምግብ ቧንቧዬ ከላይ ሰፍቶ፣ ከታች እንደ ወፍ ምንቃር ሾጥጦ ታየ። ቀጥለው በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የቧንቧውን ግፊት ለኩ። ማኖሜትሪ ይሉታል። ውጤቱ አካላዚያ፣ ዓይነት ሁለት፤ የምግብ ቧንቧው የታችኛው በር አልከፈት የሚልበት በሽታ። ሦስት ምርጫ ሰጡኝ፤ በሩን በፊኛ ማስፋት፣ በሆድ በኩል ገብቶ የበሩን ጡንቻ የሚሰነጥቀው የሄለር ቀዶ ጥገና፣ ወይም በአፍ ገብቶ ከውስጥ የሚሰነጥቀው ፖኤም። የትኛው ይሻለኛል? ያደረገስ አለ?

በአራት ወር 41 መልስ መጣ። አንዳንዱ ዛሬም ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ያናድደኛል፣ ሦስቱ አራቱ ግን ሕይወቴን ቀይረውታል። ቅደም ተከተሉን ሳልለቅ ልንገራችሁ።

መልስ 1 የአንዲት እናት ነበር። ምሕረት ተመኙልኝ፣ ማርያም እንድትዳብሰኝ ለመኑልኝ። መልስ 2 ተልባ ዘፍዝፌ ጠዋት በባዶ ሆዴ እንድጠጣ አዘዘኝ፤ ለጨጓራ ፍቱን ነው ባይ ነው። ጨጓራ አይደለም ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነው እንግዲህ። ሐበሻ መቼም ከአንገት በታች ለሚያመው ነገር ሁሉ ጨጓራ የሚል ስም አለው። መልስ 3 ደግሞ እንጥሌ ወርዶ እንዳይሆን ጠየቀ። አክስቱ አገር ቤት ተቆርጠው እንደዳኑም አከለ።

መልስ 4 ላይ ክሩ ነቃ። ሽቱትጋርት አካባቢ በነርስነት የምትሠራ እህት ገባች። ለተልባው በትሕትና ነው የመለሰችው። ተልባ እንደማይጎዳ፣ ግን ችግሩ ከጨጓራ በላይ ስለሆነ ተልባውም መጥቶ እዚያው በር ላይ እንደሚገተር አስረዳች። ለእንጥሉ ግን ትሕትና አልተረፈላትም። እንጥላቸው ተቆርጦ ደም አልቆም ያላቸው፣ ያመረቀዘባቸው ሕፃናት እንዳየች ጻፈች። የኔ በሽታ ያለበት ቦታም ከእንጥል ከአንድ ስንዝር በላይ እንደሚርቅ ነግራው ዘጋች። መልስ 5 የዚያው የእንጥሉ ሰው ነው። የጠየቀው እንጂ ቁረጡ ያለው ነገር እንደሌለ፣ ሰውን በአደባባይ ማሳፈርም ነውር እንደሆነ አስታወሳት። ደህና ተኮራረፉ።

መልስ 6 የጡረተኛው ሐኪም ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዘመናቸውን በቀዶ ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። ረጅም ጻፉ። በአምስት ዓመት ደጅ ጥናት ያልገባኝ ነገር በእሳቸው አንድ ገጽ ገባኝ። የምግብ ቧንቧ ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም፤ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጡንቻ ነው። ስንውጥ ከላይ ወደ ታች እየተኮማተረ ጉርሻውን ይገፋል። ከታች ያለው በር ደግሞ ላላ ብሎ ያሳልፋል። በሩን የሚያላሉት በጡንቻው መሃል ያሉ ነርቮች ናቸው። አካላዚያ የያዘው ሰው እነዚህ ነርቮች ይሞቱበታል። በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ መግፋቱም ይጠፋል። በሽታው በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጨጓራ ነው ብለው የሸኙኝን ሐኪሞች ብዙም እንዳልቀየማቸው መከሩኝ። እኔ እንኳ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

ከዚያ ዋናውን ጻፉ። የሞቱትን ነርቮች የሚያስነሳ ሕክምና የለም። ሦስቱም ምርጫዎች የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የተቆለፈውን በር ማስለቀቅ። መግፋቱን አይመልሱም። በሩ ከተከፈተ በኋላ ምግቡን የሚያወርደው የራሱ ክብደትና የምጠጣው ውሃ ነው። ይህችን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ ስንት ቀን የተጨቃጨቅነው በሩን ማን ይክፈተው በሚለው ነው።

ጋሼ ታሪክ ካልጨመሩ አይሆንላቸውም። በ1674 ቶማስ ዊሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከዓሣ ነባሪ በተሠራ ዘንግ ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስሮ፣ በታማሚው ጉሮሮ እየሰደደ ምግቡን ወደ ጨጓራ ያስገፋ ነበር። የዛሬው ፊኛ የዚያ ዘንግ የልጅ ልጅ ነው። በ1913 ደግሞ ኧርንስት ሄለር ላይፕዚግ ውስጥ የበሩን ጡንቻ ከፊትም ከኋላም ሰነጠቀ። ኋላ የመጡት ከፊት ብቻ መሰንጠቅ እንደሚበቃ አዩ፤ ስሙ ግን የሄለር ሆኖ ቀረ። ላይፕዚግ እኮ በወር ሁለቴ እመላለስባታለሁ። ጭነት ከማውረድ ሌላ ምንም አላውቅባትም ነበር።

መልስ 7 ለንደን የምትኖር እህት ናት፤ ፊኛውን ያደረገች። ፊኛውን በአፍ አስገብተው፣ በሩ ላይ ሲደርስ በራጅ እያዩ እንደሚነፉት ነገረችን። የመጀመሪያው 30 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ከሳምንታት በኋላ 35 ደገሙላት። ፊኛ ጡንቻውን ይቀድደዋል እንጂ እንደ ቢላ ለይቶ አይቆርጠውም። ስትነቃ ደረቷን ፈረስ የረገጣት መስሏት ነበር። ቧንቧው የመበሳት ዕድል ከመቶ ሁለት ገደማ ስለሆነ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አንስተዋት፣ ደህና መሆኗን ሲያዩ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ሰደዷት። አራት ዓመት በሰላም በላች። ዘንድሮ ግን ዳቦ እንደገና ይቆምባት ጀምሯል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ልትነፋ ቀጠሮ ይዛለች። መልስ 8 የኔ ነው፤ ከሥራ ስንት ቀን እንደቀረች ጠየቅኳት። ሾፌር ሌላ ምን ይጠይቃል?

መልስ 9 ከቨርጂኒያ መጣ። ፖኤም ያደረገ ወንድም ነው፤ በደስታ ነው የጻፈው። ካሜራው በአፍ ይገባል። የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፤ በሽፋኑና በጡንቻው መካከል መንገድ እየማሰ ይወርዳል። እዚያው ውስጥ ሆኖ ጡንቻውን ይሰነጥቅና ሲወጣ ቀዳዳውን በትንንሽ ማያያዣ ዘግቶ ይመለሳል። ሆዱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ዘዴውን ሃሩሂሮ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ2008 በሰው ላይ እንደጀመረውም ጻፈ። መጨረሻ ላይ፣ ለአመል ያህል፣ ማታ ማታ ቃር እንደሚነሳበት፣ ኦሜፕራዞል በየቀኑ እንደሚውጥና የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ እንዳደረገ ጠቀሰ። እኔ ዓይኔ የቆመው እዚያች ላይ ነው።

መልስ 10 ወንድማችንን የሆስፒታል ደላላ አደረገው። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ሰው ዳንኩ ሲል ደላላ ይባላል እንዴ?

መልስ 11 ቁጥር ይዞ ገባ። ስለ እግር ኳስም ስለ ቤት ኪራይም ቁጥር ይዞ የሚገባ ሰው በየመድረኩ አለ አይደል? በ2011 የወጣ የአውሮፓ ጥናት 201 ሰው አወዳድሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከተሰነጠቁት 90 ከመቶው፣ በፊኛ ከታከሙት 86 ከመቶው ደህና እንደነበሩ ጻፈ። ጥሩ። ቀጥሎ ግን በ2019 ፖኤም ቀዶ ጥገናን 92 ለ54 እንደረታው አወጀ፣ ክርክሩም አበቃ አለ።

አላበቃም። መልስ 12 በጨዋ ቋንቋ አረመው። በ2019 የወጡት ጥናቶች ሁለት ናቸው፣ እሱ ቀላቅሏቸዋል። 92 ለ54 የተባለው ፖኤም ከፊኛ ጋር ሲወዳደር ነው። ከሄለር ጋር የተወዳደረበት ሌላ ነው፤ 221 ሰው ነበረበት፣ ውጤቱም 83 ለ81.7 ነው። እኩል በሉት። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፖኤም ካደረጉት 44 ከመቶው ላይ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ያመጣው የቧንቧ ቁስለት ታይቷል፣ የሄለሮቹ ላይ 29። መልስ 13 ባለ ቁጥሩ ተመልሶ ነው፤ ስህተቱን አመነ፣ ግን ማረሚያው ለታይታ እንደተጻፈ ሳይናገር አልወጣም። ፊኛ በአንዱ ጥናት 86፣ በሌላው 54 ያገኘው እንዴት እንደሆነ የጠየቀው መልስ 14 ነው። መልስ 15 ላይ ጋሼ ፈቱት። በመጀመሪያው ጥናት ምልክቱ ሲመለስ ደግሞ መንፋት ይፈቀድ ነበር፣ በሁለተኛው ግን ዳግመኛ መታከም ራሱ እንደ ውድቀት ተቆጥሯል። በዚያው መልሳቸው ዓይነት ሦስት የሚባለውንም አነሱ። እዚያ በሩ ብቻ ሳይሆን ቧንቧው ራሱ ስለሚኮማተር መሰንጠቂያው ረጅም መሆን አለበት፣ ለዚያ ፖኤም ይመቻል። ለኔ ዓይነት ግን ሦስቱም ደህና ይሠራሉ፤ ይልቅ ሐኪሙ በዓመት ስንት እንደሚሠራ ጠይቅ አሉኝ። ጠየቅኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ደስ አለው።

መልስ 16 ቢላም ፊኛም ሳያስፈልግ ጡንቻ በሚያላላው የቦቶክስ መርፌ መገላገል እንደሚቻል አበሰረን። ነርሷ መልስ 17 ላይ ደረሰችበት። መርፌው የሚሠራው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ገደማ ነው፣ ከዚያ ይተናል። ሲደጋገም ደግሞ ሽፋኑንና ጡንቻውን ያጣብቃቸውና በኋላ ለሚሰነጥቀው ሐኪም ሥራ ያበዛበታል። ቀዶ ጥገና ለማይችሉ አዛውንቶች እንጂ ለ38 ዓመት ሾፌር እንዳልሆነ በአንድ መስመር ጨረሰች።

መልስ 18 የክሩን ድምፅ ለወጠው። አርሲ ያደገች እህት ናት። አባቷ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ወራት ጨጓራ ሲባሉ ቆይተው፣ ሲታዩ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አላገገሙም። እኛ ስለ ፊኛና ስለ ካሜራ ስንፎካከር፣ ምግብ የቆመበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ በካሜራ መታየት እንዳለበት እስካሁን አንድ ሰው አለመጻፉ አስቆጣት። እውነቷን ነው። አርሲና ባሌ ይህ ካንሰር የሚበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። እኔም ኢንዶስኮፒ መታየቴን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሐኪሞቹ ሌላውን ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት ያንን ነው ያደረጉልኝ። መልስ 19 ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ከመንገድ ወጣን። መልስ 20 ጥፋቱን በሚያቃጥል ገንፎ ላይ ጣለ። መልስ 21 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች መደብ ውስጥ እንደጨመረው ጠቀሰ። መልስ 22 ቡና ነካችሁብኝ ብሎ ተነሳ። መልስ 23 ገንፎ ሲበላ ከዳር ከዳር እየተቆረሰ በቅቤው እየተጠቀሰ እንጂ ከመሃል እንደማይዛቅ አስተማረን። መልስ 24 የገብስ ገንፎ ከስንዴው እንደሚበልጥ ተከራከረ። የመድረኩ አስተዳዳሪ መልስ 25 ላይ ወደ ርዕሱ መለሰን፣ ምንም እንኳ ገብሱ ላይ እንደሚስማማ ባይደብቅም።

መልስ 26 ለአርሲዋ እህት የተጻፈ የነርሷ መልስ ነው። መጀመሪያ ዳቦና ሥጋ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ እያለ በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚብስ ከሆነ ካንሰር ያስጠረጥራል፤ ከመነሻው ምግቡም ውሃውም እኩል የሚቆም ከሆነ ወደ አካላዚያ ያደላል። ያም ሆኖ ሁለቱም መታየት አለባቸው፤ አካላዚያው ራሱ ዓመታት ሲቆይ የካንሰሩን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ከመልሶቹ ሁሉ እኔ ቀድቼ ያስቀመጥኩት ይህንን ነው።

መልስ 27 ላይ የጨነቀኝን ጠየቅኩ። በሩ ተሰንጥቆ ከቀረ አሲዱ ወደ ላይ አይወጣም ወይ? መልስ 28 ባለ ቁጥሩ ነው፤ አሁን ተጠንቅቆ። በሄለር ጊዜ የጨጓራው የላይኛ ክፍል ወደ ፊት ተስቦ በስንጥቁ ላይ ይሰፋል፤ ይህን መሸፈኛ ዶር ብለው ይጠሩታል። በ2004 በወጣ ትንሽ ጥናት፣ 43 ሰው ላይ፣ ይህ ካልተሰፋላቸው 47.6 ከመቶው አሲድ ሲመለስባቸው፣ ከተሰፋላቸው ግን 9.1 ከመቶው ብቻ ነው። ፖኤም ከውስጥ ስለሚሠራ ይህን መሸፈኛ አያደርግም። ጋሼ መልስ 29 ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፣ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። ባለ ቁጥሩ ይህን እንደ ሜዳሊያ ነው የያዘው።

መልስ 30 ላይ ወሰንኩ፤ ሄለር ከዶር ጋር። ምክንያቴን ጻፍኩ። ገና ብዙ ዓመት እኖራለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቃር ይዤ መሪ ላይ መቀመጥ አልፈልግም። የቨርጂኒያው ሰው መልስ 31 ላይ ቅር አለው። ሆዴን በከንቱ አስበሳለሁ ብሎ ነገረኝ፣ ፈራህ እንዴ ዓይነት ነገርም ጣል አደረገ። አልመለስኩለትም። መልስ 32 ግን ጠቀመኝ። በማደንዘዣ ክፍል የሚሠራ ልጅ ነው። የኔ ዓይነት ሰው ሳይበላ ቢያድርም ቧንቧው ውስጥ የቆየ ምግብ ስለሚኖር፣ ሲያደነዝዙት ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት በፈሳሽ ብቻ እንዲቆይ ይደረጋል። ለማደንዘዣው ሐኪም በአፌ እንድነግረው አሳሰበኝ፣ ወረቀቱ ላይ ይኖራል ብዬ እንዳልተወው። ሦስት ቀን ያለ ምንም ፍሬ በሾርባ ውሃና በሻይ ቆየሁ። ለሐኪሙም ነገርኩት።

መልስ 33 ከሆስፒታል አልጋ የጻፍኩት ነው። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ አለ። ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስድስት ሳንቲ ሜትር ከቧንቧው፣ ሦስት ከጨጓራው ጡንቻ እንደተሰነጠቀ ሐኪሙ በጣቱ እየለካ አሳየኝ። ጡንቻው ሲከፈት ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። እሱ እንዳይበሳ ነው ጥበቡ። በማግስቱ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሱኝ። ማያው ላይ ፈሳሹ ሳይቆም ቁልቁል ሲሄድ አየሁት። አምስት ዓመት በሩ ላይ ሲገተር ነው የኖረው።

መልስ 34 እና 35 እንኳን ደስ አለህ ነው። መልስ 36 የሚያምም መሆኑን ጠየቀ። ትከሻዬን ነው ያመመኝ፣ ሆዴን በነፉበት ጋዝ ምክንያት፤ በሁለት ቀን ለቀቀኝ። ይህን መልስ 37 ላይ ጻፍኩ፣ ስለ መጀመሪያዋ ጉርሻም አብሬ። ሦስት ሳምንት በአጥሚትና በተፈጨ ነገር ከቆየሁ በኋላ ባለቤቴ ሽሮ ሠራች። ትንሽ ቆርሳ አጎረሰችኝ። አላምጬ ዋጥኩና እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ምንም አልቆመም። እጄ ተሰቅሎ ስቀር ልጆቼ ሳቁብኝ።

መልስ 38 የለንደኗ እህት ናት። ሦስተኛውን ፊኛ ሰርዛ የቀዶ ሐኪም ልታማክር መሆኑን ጻፈች። መልስ 39 ላይ ጋሼ ደስታዬን ሳያበላሹ ልክ አስያዙኝ። ኤካርድት የሚባለውን ነጥብ እንድቆጥር ነገሩኝ፤ መዋጥ፣ መመለስ፣ የደረት ሕመምና ኪሎ መቀነስ እያንዳንዳቸው ከዜሮ እስከ ሦስት፣ ድምሩ ከ12። ከመሠራቴ በፊት 9 ነበርኩ። አሁን 1 ነኝ፤ ደረቅ ዳቦ አሁንም አንዳንዴ ይዘገያል፣ ውሃ ይጠይቃል። መግፋቱ እንዳልተመለሰ ቀድመው ነግረውኝ የለ? እራት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አልበላም። መኪናዬ ውስጥ ሁሌ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አለ።

መልስ 40 የእንጥሉ ሰው ነው። ለነርሷ ሰላምታ ላከላት፤ እሷም ወደደችለት።

ትናንት ማታ መልስ 41 ገባ። ስሙን አይቼው የማላውቅ ልጅ ነው። ደሴ ያሉት እናቱ 61 ዓመታቸው ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ምግብ ደረታቸው ላይ እየቆመ አስቸግሯቸዋል፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፣ ተልባም ጀምረዋል። የትኛውን ቀዶ ጥገና እንደምመክረው ጠየቀኝ። ነርሷ ተኝታ ነበር፣ ጋሼም እንደዚያው። ስለ ቀዶ ጥገናው ምንም አልጻፍኩለትም። በካሜራ ታይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከዚያ ደግሞ ይቆማል ያለው ምግቡ ብቻ ነው ወይስ ውሃውም ጭምር፣ አሁኑኑ ደውሎ እንዲጠይቃቸው ነገርኩት።